ሦስት መቶ አሥራ አራት ገመድ

ከአሸተን ሥር
ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከፋለ ልጅ፣ ለሰብሌ

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በጤና ያግኝሽ። የአሸተኗ እመቤት ባለሽበት ትጠብቅሽ። እኛ አለን። «አለን» ስል ግን ስንት እንደቀረን ሳልቆጥር ነው።

ከማንበብሽ በፊት ተቀመጪ። የአገር ሰው በአቅራቢያሽ ካለ ጥሪውና አብሮሽ ይቀመጥ። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘውሽ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። አሁን ግን ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ስዊድን ድረስ የምልከው ሽማግሌም የለኝም። ያለኝ እርሳስ ነው። ስለዚህ እኔው እነግርሻለሁ። ልጄ አዳም ሞቷል።

ገድለውታል። ጥቅምት 25 ቀን ጠዋት ዱላውን ይዞ የስልኩን መስመር ሊጠብቅ ወጣ። መንገዱን ይዞ በመሬት ውስጥ የተቀበረውን ጥቁሩን ገመድ ሁለት ዓመት እንደጠበቀ ታውቂያለሽ። በዚያ ሳምንት ባለጠመንጃዎቹ ሁለቱም ወገን በዚያ መንገድ አልፈዋል፤ አንዱ ሲወርድ፣ ሌላው ሲወጣ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሁሉ ድርግም አለ። አዳም አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ጥንብ አንሳ ሲያንዣብብ አይተን ከድልድዩ ሥር ካለው ገደል አገኘነው። ያወቅሁት በጥርሱ ነው፤ ከፊቱ የቀረው ጥርሱ ብቻ ነበር። እጁ የኋሊት ታስሯል። የታሰረበት ገመድ ደግሞ ሲጠብቀው የኖረው ጥቁር ገመድ ነው፤ ሁለት ክንድ ያህል ተቆርጦ። ለመፍታት ጥርሴን ተጠቀምኩ። አልተፈታም። ገብረ ሊባኖስ በማጭድ ቆረጠው፤ ወንድሙን የቀበረው እሱ ነው።

አውጫጭኝ ተጠርቶ ነበር። ቀበሌው በሙሉ ከዋርካው ሥር ሁለት ቀን ተቀመጠ። ሁሉም አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ማለ። ገዳዩ መስመሩን ከየት ላይ እንደቆረጠ እንኳ የሚያውቅ ጠፋ፤ አፈሩን መልሶ ደፍኖታል። በየቦታው ቆፍረን እንዳንፈልግ ደግሞ ከከተማ «መስመሩን የነካ ይመታል» የሚል ትእዛዝ ወጥቷል፤ ከላይም የሚዞረው፣ ድሮን የሚሉት ነገር ቆፋሪ አይመርጥም።

ገንዘብ አትላኪ። ለተዝካር የሚሆን ገብስ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። አንቺ የምትማሪው በመስታወት ውስጥ ስለሚሄደው ብርሃን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ገመዱ የተቆረጠበት ቦታ በትምህርትሽ ይታወቃል? መስመሩን የቆረጠ አዳምን ገደለ። ቦታውን ካወቅሁ ሰውየውን አውቃለሁ።

አባትሽ ትምህርት ቤት ሲገባ እኔ ቤት ቀርቼ እህል ፈጨሁ። በኔ ዱቄት ነው የተማረው፣ አንቺም የሱ ልጅ ነሽ። በሃምሳ አራት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ቀን ይሆን እላለሁ። መልሱን ይህን ወደ ደሴ ለሚያወርድልኝ ለሹፌሩ ለሀቢብ ላኪው፤ ጨው ጭኖ በሚወጣበት መኪና ያደርስልኛል።

አክስትሽ ብርቅዬ


ስዊድን
ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ብርቅዬ

እግዚአብሔር ያጽናዎት። እንዲህ ያለ ቀን ከደጅዎ ይራቅ ብዬ መጻፍ አሰብኩና ቀኑ አልፎ እንደሄደ አስታወስኩ። ደብዳቤዎን የሀቢብ ልጅ ሰአዳ ደሴ ላይ በፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ይህንንም እሷ አትማ በአባቷ እጅ ትልከዋለች።

እንዳሉኝ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የአገር ሰው አልነበረም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ በሩን ቆልፌ ወለሉ ላይ አለቀስኩ። የመጨረሻ ጊዜ ስንደዋወል አዳም፣ «አንቺ፣ ይሄ ገመድ ውስጡ ምንድን ነው?» ብሎኝ ነበር። ከፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው አልኩት። ሳቀብኝ። «እንግዲያ ዱላ ይዤ የምጠብቀው ብርጭቆ ነው በይኛ!» አለኝ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኛል። በዚያ መስታወት ውስጥ መልእክት የሚሸከመው ብርሃን ነው። በመስመሩ ላይ ምንም የሚላክ ነገር ባይኖርም እንኳ መብራቱ ሌት ተቀን እንደበራ ነው፤ ብዙው ኃይል የሚያልቀው በዝምታ ነው። እኔ የማጠናው መልእክት በሌለበት ጊዜ መብራቱን ማስተኛት፣ መልእክት ሲመጣ ደግሞ አንዲት ቃል ሳትጠፋ በቅጽበት መቀስቀስ ነው። የዶክትሬት ጽሑፌ በዚህ ላይ ነው፤ ዘንድሮ እጨርሳለሁ።

የጠየቁኝ ነገር ይታወቃል። ከስልክ ጣቢያው ብርሃን ወደ ገመዱ ሲላክ፣ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ደርሶ ጥቂቱ ይመለሳል። ሄዶ ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ ተለክቶ ርቀቱ ይወጣል። ስህተቱ ከአንድ ሁለት ሜትር አይበልጥም። አብራኝ የተማረች አንዲት ልጅ አገር ቤት በስልክ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ለምኛት የዚያን ቀን ልኬት አወጣችልኝ። መስመሩ የተቆረጠው ጥቅምት 25 ቀን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። ከከተማው ጣቢያ ያለው ርቀት ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ሃያ ሜትር ነው።

ከዚህ በላይ ላደርግልዎ የምችለው ባለመኖሩ አፍራለሁ።

ሰብሌ


ታኅሣሥ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰብሌ ከፋለ

ብርዱ አይጉዳሽ፤ የያዝሽውን ለፍሬ ያብቃልሽ። ደብዳቤሽ ታኅሣሥ 9 ቀን ደረሰኝ። ለዋርካው ጉባኤ ያነበብኩት ራሴ ነኝ፤ መምሬ አንብቡልኝ አላልኩም። ፊደል ልቆጥር ስሄድ ጎረቤታችን አረጋ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «ብርቅዬ፣ የመቃብርሽን ጽሑፍ ልታነቢ ነው?» ብሎኝ ነበር። ያን ቀን ከፊት ተቀምጦ ሳነብ ሰማ።

ስለሚባክነው ብርሃን የጻፍሽውን ሳነብ ሰው ሳቀ። እኛ ካንድ ጧፍ በተረፈ ሰም ሁለተኛ ጧፍ የምንሠራ ሰዎች ነን። የምታስተኚው መብራት ካለሽ ወዲህ ላኪው።

ቁጥሩ ሲነበብ ግን የሚስቅ አልነበረም። መሬት ይለካበት የነበረው የሠላሳ ሜትር ገመድ ወጣ። አድልዎ እንዳይኖር አንዱን ጫፍ የኛ ወገን፣ ሌላውን ጫፍ ከወዲያ ማዶ ያለ ሰው ያዘው። ከጣቢያው ደጃፍ ጀምረው መንገድ መንገዱን ጎተቱ። አንድ ገመድ በተሳበ ቁጥር አንዲት ጠጠር በነጠላዬ ጫፍ እቋጥራለሁ። ቀኑን ሙሉ ሄድን። የነጠላዬ ጫፍ ከበደ። ድልድዩን አለፍን፤ ቁጥሩ ግን ገና አልሞላም። ሦስት መቶ አሥራ አራተኛዋን ስቋጥር ገመዱ አረጋ በር ላይ ነበር። ልክ በሩ ላይ። ፍየሎቹ ገመዱን ሊበሉት መጡ።

አረጋ ወጣ። ቀድሞም የመስመሩን ጥበቃ ሥራ ፈልጎት ለአዳም እንደደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም እንደማይለው ሁሉም ያውቃል። መምሬ፣ «ቁጥሩ እዚህ አደረሰን፤ ምን ትላለህ?» አሉት።

«ከየት የመጣ ቁጥር?»

«ከስዊድን።»

«ስዊድን የኔን በር መቼ አየችው?» አለ። ጥቂት ሰዎች አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ። «ቆፍሩት እንግዲህ። እዚሁ ቆፍሩት። የተቆረጠ ገመድ ካገኛችሁ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩኝ።»

የሚቆፍር ጠፋ። ያን ሰዓት ከላይ የሚዞረው ነገር ድምፁ ይሰማ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ሰው ድንች ሲቆፍር ከነልጁ እንዳቃጠለው አይተናል። አረጋ ራሱ አካፋ አነሳ። ሚስቱ ፍቅርአዲስ እጁ ላይ ተንጠልጥላ፣ «ልታስፈጀን ነው?» ብላ ቀማችው።

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው ቆረጡ። አረጋ ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ፣ አሸተን ማርያም ወጥቶ ይምላል። ከማለ ነጻ ነው። ገብረ ሊባኖስ ከጉባኤው ተነሥቶ ሄደ። ቤት ገብቶ መጥረቢያውን አወጣና ድንጋይ ላይ ይሞርደው ጀመር። «ምን ልትፈልጥ ነው?» አልኩት። «ይማል አሉ አይደል?» አለኝ። «የገደለ ሰው መማል ያቅተዋል?»

አክስትሽ ብርቅዬ


ስዊድን
ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ብርቅዬ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ስለገባሁ ይቅር ይበሉኝ። ይህ ደብዳቤ ከማንኛውም በፊት እንዲደርስዎ ሰአዳን ለምኛታለሁ። እባክዎ እንደደረሰዎ ለሁሉም ያንብቡት። ለመምሬ፣ ለገብረ ሊባኖስ፣ ለጋሽ አረጋም ለራሳቸው።

ስህተት ሠርቻለሁ። መንገዱን በገመድ እንደለካችሁት ሳነብ ነው የገባኝ። የላክሁልዎ ቁጥር የመስታወቱ ርዝመት ነው፤ የመንገዱ ርዝመት አይደለም። መስታወቱ ከመንገዱ ይረዝማል። ሲቀበር፣ ምናልባት ቢቆረጥ መቀጠያ እንዲሆን፣ በየጉድጓዱ ሃያ ሃያ ሜትር ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በጥቁሩ ልባስ ውስጥም ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እንደ ሹሩባ ይጠማዘዛል። ይህ ሁሉ ከቁጥሩ ላይ መቀነስ ነበረበት።

እኔ የምሠራበት መስታወት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። ቢዘረጋ ከላሊበላ ተነሥቶ ተራራውን ሁሉ ያልፋል። ግን እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው፣ ተጠቅልሎ ከአንድ እንስራ አይበልጥም። በየቀኑ አየዋለሁ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር መስታወት አንድ ክንድ ቦታ ውስጥ እንደሚገባ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ለእርስዎ ስጽፍ ግን ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ብቻ አኮራኝና በመሬት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ረሳሁ።

የጉድጓዶቹን ብዛት ከጓደኛዬ ጠይቄ አስላሁት። ወደ ከተማው ሦስት መቶ ዘጠና ሜትር ያህል መመለስ አለባችሁ። በናንተ ልኬት አሥራ ሦስት ገመድ ነው። አሥራ ሦስት ጠጠር ይጣሉና የት እንደሚደርሱ ይዩ። እንደማስታውሰው ከሆነ ድልድዩ ላይ ነው። የማንም ደጅ አይደለም፣ የማንም ማሳ አይደለም። አዳም የተጣለው ከተገደለበት ቦታ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ሳምንት ድልድዩን ያለፉት ደግሞ መንገደኞቹ ባለጠመንጃዎች ናቸው።

ጋሽ አረጋ አልቆረጡም። እባክዎ ገብረ ሊባኖስን ይያዙት።

ሰብሌ


የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰብሌ ከፋለ

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። የአዳም ደም ተመልሷል።

ጥር 21 ቀን ጠዋት አረጋ ነጭ ለብሶ ሊምል ወደ አሸተን ወጣ። ከኋላው ፍቅርአዲስ፣ ከሷ ኋላ መምሬና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔም ከሩቅ እከተል ነበር። ዓለቱ ተሰንጥቆ መንገዱ የሚጠብበትን ቦታ ታውቂዋለሽ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም። ገብረ ሊባኖስ እዚያ ቆሞ ጠበቀው።

አረጋ መጥረቢያውን ሲያይ አልሸሸም። የሚሸሽበትም አልነበረውም። «ልጄ፣ ልምል ነው የምሄደው» አለው። «ምዬ ስመለስ ግደለኝ።»

የመጀመሪያው አንገቱና ትከሻው መገናኛ ላይ አረፈ። አልወደቀም፤ ዓለቱ ደግፎ አቆመው። ሁለተኛው አፉ ላይ ነበር። ሦስተኛውን አላየሁም፤ ፍቅርአዲስ መሐል ገብታ መጥረቢያውን በእጇ ያዘችው። ሁለት ጣቷ ሄደ። ደሙ በደረጃው ላይ እየወረደ መምሬ እግር ሥር ደረሰ። መምሬ እግራቸውን አላነሱም።

ገብረ ሊባኖስ ወንዝ ወርዶ ታጠበ። ቤት መጥቶ ተኛ። ሁለት ቀን አልበላም።

የአረጋ ልጆች ሦስት ናቸው፤ ጠመንጃም አላቸው። አርባው ሳይወጣ ቤታችንን ያቃጥሉታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ግን ሽማግሌዎች ገቡ። ነገሩን የያዙት እንዲህ ነው። አረጋ አዳምን ገደለ፣ ገብረ ሊባኖስ አረጋን ገደለ፤ ደም በደም ቀረ፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው። ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሁለቱም ቤት ጠመንጃውን አስቀምጦ መሐላ ይፈጽማል። ልጆቹ ጥርሳቸውን ነክሰው እሺ አሉ። አባታቸው ነፍሰ ገዳይ ነበረ ብለው ስላመኑ ነው እሺ ያሉት።

እንግዲህ ለገብረ ሊባኖስ አትስጊ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። ፊደሉ ይደበዝዝብኛል፤ ሰሞኑን የሚመጣውን ሁሉ እያነበብኩት አይደለም።

አክስትሽ ብርቅዬ


ስዊድን
የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቅዬ

መነጽሩን ዛሬ ልኬዋለሁ። ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ነው።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ቤተ ሙከራ አልሄድኩም። አስተማሪዬ ምን ሆነሻል ቢለኝ ዘመድ ሞተብኝ አልኩት። «እንደገና?» አለኝ። እንደገና አልኩት። በሱ አገር አንድ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ አይሞትበትም።

ከሥራዬ ውስጥ ጠንቅቄ የማውቀው አንድ ነገር መልእክት ስንት ሰዓት ተልኮ ስንት ሰዓት እንደደረሰ መለካት ነው። ስለዚህ ሰአዳን ጠየቅሁ፤ እሷም አባቷን ጠየቀች። ሀቢብ የጥር አራቱን ደብዳቤ ጥር 18 ቀን፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ጨው ተራ ላይ በእጅዎ እንደሰጠ ነገራት። ጋሽ አረጋ የሞቱት ማክሰኞ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ቀን ብዕሬን አስቀምጬ ነበር።

መነጽር ስለሌለዎት አላነበቡትም። ወይም በገበያው ግርግር ጠፍቶብዎታል። እንዲህ ነው ብዬ ወስኛለሁ። እትዬ፣ ደብዳቤው ቤት ውስጥ ካለ ያቃጥሉት። ለሽማግሌዎቹ አሁን ቢነገር የጋሽ አረጋ ልጆች ገብረ ሊባኖስን በዚያው ቀን ይገድሉታል፤ እርቁ የቆመው በኔ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው። የሞቱት አይመለሱም። ስለዚህ ነገር አይጻፉልኝ። መስመሩ ላይ መልእክት ከሌለ መብራቱ ይተኛል፤ ይተኛ።

በሰኔ ጽሑፌን በጉባኤ ፊት አቀርባለሁ። በጸሎትዎ ያስቡኝ ማለት ይገባኝ ነበር። አላልኩም።

ሰብሌ


ከአሸተን ሥር
ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለከፋለ ልጅ፣ ለሰብሌ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። መነጽሩ ደርሷል። ለመምሬ ሰጠኋቸው። ዓይኔ ደህና ነው።

አይጻፉልኝ ብለሽኝ ነበር። አንቺ በስድስት ዓመትሽ ፊደል የቆጠርሽ ነሽና የማይጻፈውን ታውቂያለሽ። እኔ ዘግይቼ ስለተማርኩ ያነበብኩት ነገር አይለቀኝም።

ቅዳሜ ዕለት ሀቢብ ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ጨው እየመረጥኩ ነበር። የጨው ነጋዴዎቹን ግድግዳ ተደግፌ አነበብኩት። ቀስ ብዬ ስለማነብ ለመጨረስ ጊዜ ፈጀብኝ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ሦስተኛ። አሥራ ሦስቱን ገመድ በጣቴ ቆጠርኩት፤ ድልድዩ ላይ ደረስኩ። ያልገባኝ አንድም ነገር አልነበረም። ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። የተጠቀለለው መስታወት ሳይቀር ገብቶኛል፤ እኔም ድር ፈትያለሁ፣ አንድ ልቃቂት ውስጥ ስንት ክንድ ክር እንዳለ አውቃለሁ።

ገብረ ሊባኖስ ጨዉን ሊሸከምልኝ መጣ። ወረቀቱን አየ።

«ሰብሌ ምን አለች?»

«ሰላምታ ነው» አልኩት። «ብርዱ በርትቷል ትላለች።»

«ስለ ገመዱ ምንም የለም?»

«የለም።»

ጨዉን ትከሻው ላይ አድርጎ ከፊቴ ሄደ። ከኋላው ስሄድ ወረቀቱ ደረቴ ውስጥ ይንኮሻኮሽ ነበር። ሦስት ቀን ነበረኝ። እሑድን፣ ሰኞን አሳለፍኩ። ማክሰኞ ጠዋት በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ አረጋ «ምዬ ስመለስ ግደለኝ» ሲል ሃምሳ እርምጃ ያህል ብቻ ነበር የምርቀው። አፌን ብከፍት ይሰማኝ ነበር። ድምፅ አለኝ።

ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ አስቀድሜ ልንገርሽ። ድልድይ በር የለውም። ከየት መጥተው ወዴት እንደሄዱ የማይታወቁ ሰዎች ልጄን በገዛ ገመዱ አስረው ፊቱን አጠፉት፤ ቁጥርሽ ትክክል ከሆነ የማንኳኳው ደጅ የለኝም፣ የምረግመው ስም የለኝም። አረጋ ግን ስም ነበረው። በር ነበረው። በጠዋት ሲያስነጥስ ከቤቴ ይሰማኝ ነበር። ከዚህም ሌላ በፊደሌ ስቆብኛል። ይህችን ትንሿን ነገር ከትልቁ ጋር አብሬ እንደመዘንኳት ላንቺ አልደብቅሽም።

አርባው በወጣ ማግስት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እያለ፣ አካፋ ይዤ አረጋ በር ላይ ቆፈርኩ። ከላይ የሚዞረው ይዙር አልኩ። ገመዱ ሙሉ ነው። ለስላሳ፣ ጥቁር፣ ምንም ያልነካው። መልሼ ደፈንኩትና ወደ ድልድዩ ሄድኩ። እዚያ ብዙ መቆፈር አላስፈለገም። ሁለቱም ጫፎች አፈሩ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ከአንዱ ጫፍ የወጡት መስታወቶች ፀሐይ ሲነካቸው ያበሩ ነበር። አጠገባቸው የአዳም ዱላ ተቀብሯል። አወጣሁት። ቤቴ ውስጥ ነው፤ ገብረ ሊባኖስ ከየት አመጣሽው አላለኝም።

እሱ ያወቀ ይመስለኛል። መጥረቢያውን ሲያነሳ አያየኝም።

ለመምሬ በኑዛዜ ነገርኳቸው። «ሴት ደም አትከፍልም፤ ከተነገረ የሚከፍለው ልጅሽ ነው» አሉኝ። «ከፋሲካ በኋላ መሐላው ይፈጸም፤ አንቺ ንስሐሽን ያዢ።» አንቺም ያልሽው ይህንኑ ነው። የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚመክረኝ።

ፍቅርአዲስ ግን ትናንት ከውኃ ስትመለስ አስቆመችኝ። እንስራውን በሦስት ጣቷ ይዛ፣ «ብርቅዬ፣ ልጆቼ የአባታቸውን ስም አይጠሩም» አለችኝ። «በነፍሰ ገዳይ ስም አንጠራም ብለው የአያታቸውን ስም ይዘዋል። እኔ ግን ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብሬው ገብስ ሳጭድ ነበር። ስምል ማንም አላመነኝም፣ ሚስቱ ነሽ አሉኝ። አንቺ ታምኚኛለሽ?»

«የእንስራው ውኃ ይፈስብሻል፣ ሂጂ» አልኳት።

ሌሊቱን ጻፍኩ። ሁለት አድርጌ ጻፍኩት። አንዱ ይህ የያዝሽው ነው፤ ሀቢብ ሲወርድ ይወስደዋል። በሌላው ላይ ያንቺን የጥር አራቱን ደብዳቤ ቃል በቃል ገልብጬ፣ ከሥሩ የሆነውን ሁሉ አሰፈርኩ። «እጁ የልጄ ነው፣ ደሙ የኔ ነው፤ መጠየቅ የፈለገ በሬን ያውቀዋል» ብዬ ጨረስኩ። ልማዱ ሴት እንደማይጠየቅ አውቃለሁ። ልማዱን ያወጡት ሴቶች መጻፍ በማይችሉበት ዘመን ነው።

ንጋት ላይ ገብረ ሊባኖስን «ወደ ነአኩቶ ለአብ ሂድ፣ ቤተ ክርስቲያን ግባ» አልኩት። «ለምን?» አለ። ነገርኩት። «እንጨት የለሽም» አለኝና ወደ ጓሮ ዞረ።

ወረቀቱን ዛሬ ጠዋት ለፍቅርአዲስ ሰጠኋት። እኔና እሷ ፊደል የቆጠርነው አንድ አግዳሚ ላይ፣ በአንድ መጽሐፍ ነው። ከኔ ትዘገያለች፤ ጣቷን ከፊደሉ ላይ ሳታነሳ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። «ምንድን ነው?» አለችኝ። «አንብቢው» አልኳት።

አሁን ከደጄ ተቀምጬ ይህን ስጨርስ ከአጥሯ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አያታለሁ። ትልቁ ልጇ ከኋላዋ ቆሞ በትከሻዋ ላይ ያያል፤ እሱ ማንበብ አይችልም፣ ይጠብቃል። ከቤቴ ጀርባ መጥረቢያው እንጨት ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። አንድ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ አንድ።

የመጀመሪያውን ገጽ ገልብጣለች። ጣቷ አሥራ ሦስቱ ገመድ ላይ ሳይደርስ አይቀርም።

አክስትሽ ብርቅዬ